ስላብ ሰሪፍ ፎንት፦ ጥንካሬው ከምኑ ይመጣል? የትስ ያምርበታል?

የገጽ ሰው ጻፈ፦

ሰላም ቤቶች። አንድ ሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ሥራው ማሽን ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የሚታተም የአጠቃቀምና የጥንቃቄ መመሪያ ነው፤ 96 ገጽ፣ በላቲን ፊደል። አሠሪዎቹ ስለ መልኩ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጠንከር ያለ ይሁን፣ ሲያዩት የሚታመን»። ጠንካራ ሲባል እኔ ዘንድ ቀድሞ የሚመጣው ሮክዌል የሚባለው የስላብ ሰሪፍ ፎንት ነው። ስለዚህ ርዕሱንም፣ የንባብ ጽሑፉንም፣ የሥዕል መግለጫውንም፣ ሠንጠረዡንም በሮክዌል ሠራሁት።

ሽፋኑ በጣም አምሯል። አራት ቃል ነው፣ ነጭ በጥቁር ላይ፤ ክፍሉ ማዶ ቆማችሁ ታነቡታላችሁ። ውስጡ ግን ሌላ ሆነብኝ። ናሙናውን አትሜ ለሦስት ሰዎች ሰጠሁና ሲያነቡ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። አንዱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረ ሰው በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው። ሌላዋ «ፊደሉ ደስ ይላል፤ ግን ይጮኻል» አለችኝ። ይህን ጊዜ ነው አጉሊ መነጽር አምጥቼ ገጹ ላይ የተደፋሁት።

ያየሁት ይህ ነው። ትንሹ «ኦ» በኮምፓስ የተሳለ ይመስላል፤ ላዩም ታቹም፣ ግራውም ቀኙም ውፍረቱ እኩል ሊባል ይችላል። ትልቁ «ኤ» ሾጣጣ አናቱ ላይ ሳይቀር አግዳሚ ተጭኖበታል። የ«አይ» እና የ«ኤል» እግሮች እንደ ጣውላ ግራና ቀኝ ወጥተው ከጎረቤታቸው እግር ጋር ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በርዕስ መጠን ይህ ሁሉ ጌጥ ነው። በ10 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ግን የመስመሩ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ አጥር መስሎ ታየኝ።

ስላብ ሰሪፍን በስም ለማታውቁት፦ በላቲን ፊደል የጭረቱ ጫፍ ላይ የምትወጣዋ ትንሽ እግር ሰሪፍ ትባላለች። በተለመደው የመጽሐፍ ፊደል ይህች እግር እየሳሳች ሄዳ በሹል ታልቃለች። በስላብ ሰሪፍ ግን እንደ ዋናው ጭረት ወፍራም ናት፤ ጫፏም በመጋዝ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ዘር ለረጅም ንባብ ጭራሽ አይሆንም ወይስ እኔ ከዘሩ ውስጥ የማይሆነውን መረጥኩ? ደግሞስ ሁላችንም የምናወራለት ጥንካሬ ከምኑ ነው የሚመጣው? ከውፍረቱ ነው እንዳልል ቀጭኑ የሮክዌል ዝርያም ጠንካራ ነው።


እርሳስና ቀለም ጻፈ፦

የገጽ ሰው፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህ ፊደል ለመጽሐፍ ተብሎ አልተቀረጸም። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ፊደል ቀራጭ በአብዛኛው የሚደክመው ለመጽሐፍ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ መጣ፣ ሸቀጥ በዛ፣ ሸቀጡን የሚያስተዋውቅ ወረቀትም በየግድግዳው ይለጠፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የተወደደው የመጽሐፍ ፊደል ደግሞ ዲዶና ቦዶኒ የሚባሉት ፊደል ቀራጮች የሠሩት ዓይነቱ ነው፤ ወፍራሙ ጭረት እንደ ዓምድ፣ ቀጭኑ እንደ ፀጉር። መንገድ ተሻግረህ ስታየው ዓምዶቹ ብቻ ይቀሩና ፀጉሩ ይጠፋል። ያን ጊዜ ትልቁ «ኤች» ሁለት እንጨት ይሆናል፤ የሚያገናኛቸው መስመር የለም።

በ1810ዎቹ ለንደን ውስጥ የቪንሰንት ፊጊንስ የፊደል ማምረቻ «አንቲክ» የሚል ስም የሰጠውን ፊደል አወጣ። ያደረገው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፦ ቀጭኑን አወፈረና ከወፍራሙ ጋር አስተካከለው፤ ሰሪፉንም እንዲሁ። እንግዲህ ጥንካሬው ከዚህ እኩልነት ነው የሚመጣው ብዬ አምናለሁ። ፊደሉ ቀድሞ የሚጠፋ፣ ቀድሞ የሚሰበር ጎን የለውም። ቀጭኑ ሮክዌል ጠንካራ የሚመስልህም ለዚህ ነው፤ ቢቀጥንም ሁሉም ቦታ እኩል ነው የቀጠነው።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። ሥራ የጀመርኩት በፊደል ለቃሚነት ነው፤ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል ከሣጥኑ አንድ በአንድ እያነሳሁ በመደርደሪያው ላይ እየደረደርኩ። ከታተመ በኋላ ፊደሉን አጥበን ወደየሣጥኑ ስንመልስ በጣቴ ጫፍ ፊቱን እዳስስ ነበር። ቀጫጭን ሰሪፍ ያላቸው ጫፋቸው ተሸርፎ፣ አንዳንዱም ጎብጦ ይመለሳል። ገጹ ላይ የተቆረጠ ጥፍር የሚመስል ጉድለት የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ስላቦቹ ግን ስንት ሺህ ወረቀት አሳትመውም ማዕዘናቸው ጣት ይወጋል። ወረቀቱ ሻካራ ቢሆን፣ ቀለሙ ቢበዛ፣ ማተሚያው ጫና ቢያበዛ ፊደሉ ይችለዋል።

ማስታወቂያው እየተለቀ ሲሄድ እርሳሱም አልበቃም። ትልልቅ ፊደል በእርሳስ ሲፈስ ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝም ፊቱ እኩል አይወጣም። በ1827 ኒው ዮርክ ውስጥ ዳርየስ ዌልስ የሚባል ሰው እንጨት በሚፍቅ ማሽን የእንጨት ፊደል በብዛት ማምረት ጀመረ። ዊልያም ሌቨንወርዝ ደግሞ በ1834 ፓንቶግራፍ ጨመረበት፤ አንድ ናሙና በዘንግ እየተከተሉ በፈለጉት መጠን መቅረጽ ማለት ነው። ቀጭን ጫፍ በእንጨት ላይ ወዲያው ይሰነጠቃል፤ ወፍራም እግር ግን ለእንጨት ይስማማል። ስላብ ሰሪፍ በዚያ ክፍለ ዘመን ፖስተር ላይ እንዲያ የነገሠው ለዚህ ጭምር ነው።

ወደ መመሪያህ ስንመጣ፣ ሽፋኑን አትንካው። ውስጡን ግን ቀይር።


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

ጋሼ እርሳስና ቀለም፣ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ አንዳንድ ቦታ ይህን የፊደል ዓይነት «ኢጂፕሺያን» ሲሉት አነባለሁ። ከግብፅ ጋር ምን አገናኘው? ከጥንቱ የሥዕል ጽሑፍ የተወሰደ ነገር አለው?


እርሳስና ቀለም ጻፈ፦

የተወሰደ ነገር የለውም፤ ስሙ የዘመኑ ፋሽን ነው። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመተ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ግብፅ ግብፅ የሚል ነገር ሁሉ ገበያ አገኘ፤ ወንበሩም፣ ሕንጻውም፣ ጌጣጌጡም። ሮበርት ቶርን የሚባል የለንደን ፊደል አምራች ነበር፤ በ1820 ሲሞት ማምረቻውን ዊልያም ቶሮጉድ ገዛው። ቶሮጉድ በ1821 ባወጣው የናሙና መጽሐፍ ላይ ይህ ፊደል «ኢጂፕሺያን» ተብሎ ታየ፤ ስሙም ተጣበቀ። እንዲያውም ከዚያ በፊት በ1816 አራተኛው ዊልያም ካስሎን ያንኑ ስም ሰሪፍ ለሌለው ፊደል ሰጥቶት ነበር። ስሙ ከቅርጹ ጋር ምንም ውል እንደሌለው ከዚህ ታያለህ።

ደስ የሚለው ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ስሙ አልሞተም። በ1929 ጀርመን ውስጥ ሩዶልፍ ቮልፍ ለሽቴምፔል ማምረቻ የሠራው ፊደል በጥንት የግብፅ ከተማ ስም «ሜምፊስ» ተባለ። በ1931 «ካርናክ» መጣ፤ «ካይሮ»ም አለ። ሮክዌል ራሱ የዚያው ወቅት ልጅ ነው፤ ሞኖታይፕ የተባለው ፊደል አምራች ድርጅት በ1934 ነው ያወጣው።


ነቁጥ ጻፈች፦

ጋሼ የረሱትን ልጨምር። የገጽ ሰው፣ አንተ «ስላብ ሰሪፍ» ብለህ በአንድ ስም የጠራኸው ነገር ውስጥ ጠባያቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ፊደላት አሉ። ሰሪፋቸው ይመሳሰላል፤ አጽማቸው ግን ለየቅል ነው። ፎንት ስትመርጥ እግሩን ትተህ አጽሙን እይ።

ሮክዌልና ሜምፊስ አጽማቸው የጂኦሜትሪ ነው። ክቡ ክብ ነው፣ ቀጥታው ቀጥታ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፉቱራን የመሰሉ በክብና በመስመር የተሠሩ ፊደላት ተወደው ስለነበር፣ ያንኑ አጽም ወስደው እግር ቀጠሉበት ብትል ከእውነቱ አትርቅም። እንዲህ ያለ ፊደል ለብቻው ሲቆም ሐውልት ነው። ችግሩ ንባብ ላይ ነው። ስናነብ ዓይናችን እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ፊደላቱን ቶሎ መለየት አለበት። ክቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብ፣ እግሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣውላ ሲሆኑ ፊደላቱ መልካቸው ይቀራረባል። ጣቱን ያሳረፈው አንባቢህ የተቸገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ክላረንደን ሌላ ሰው ነው። እኔ ከስላብ ሁሉ የምወደው እሱን ስለሆነ ትንሽ ላውራላችሁ። በ1845 ሮበርት ቤዝሊ ያወጣው ነው፤ ማምረቻው ደግሞ ጋሼ የጠቀሱት የቶርንና የቶሮጉድ ማምረቻ ራሱ ነው፣ ፋን ስትሪት። ክላረንደን ላይ እግሩ ከግንዱ ጋር የሚገናኘው በድንገት አይደለም፤ በለስላሳ ኩርባ ነው የሚፈስሰው፤ የዛፍ ሥር ከመሬት ሲገናኝ እንደሚሰፋ። ወፍራምና ቀጭኑም ትንሽ ይለያያል። የትልቁን «አር» እግር አሳድጋችሁ እዩት፦ ወደ ታች ወርዶ መጨረሻው ላይ ቀና ይላል። የትንሹ «ኤ» እና የ«ሲ» ጫፎች ደግሞ በጠብታ ያልቃሉ። ጠንካራ ነው፣ ግን ሰው ይወዳል።

መጀመሪያ የተሠራበት ምክንያትም ለአንተ ሥራ ይጠቅማል። ያኔ ከመጽሐፍ ፊደል ጋር አብሮ የሚሄድ ቦልድ የሚባል ነገር አልነበረም። መዝገበ ቃላት የሚያሳትም ሰው የሚፈታውን ቃል ከፍቺው ለይቶ ማሳየት ሲፈልግ ክላረንደን ደረሰለት፤ በዚያው መጠን፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ግን ጠቆር ብሎ። ቤዝሊ አዲስ በወጣው የንድፍ ሕግ አስመዝግቦት ነበር፤ ሕጉ የሰጠው ጥበቃ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ስለነበር ጊዜው ሲያልቅ ሌሎች አምራቾች ተረባርበው ቀዱት። ከነሱ ዘር ነው በኋላ የጋዜጣ ፊደል የወጣው፤ ላይኖታይፕ በ1925 ያወጣው «አዮኒክ ቁጥር 5» በርካሽ ወረቀትና በፈጣን ማተሚያ ላይ ሳይደፈን እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ስላብ ለንባብ አይሆንም» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ስንት ትውልድ ጋዜጣ ሲያነብ የኖረው በዚህ ዘር ነው።

የቀሩት ደግሞ የእጅ ጽሕፈት አጽም ያላቸው ናቸው። ለመጽሐፍህ የምመክርህ ከነሱ ነው። ፒተር ማቲያስ ኖርድዛይ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው በ1990 ያወጣውን «ካሲሊያ» ፈልገህ እየው። እግሩ ወፍራም ነው፣ ክቦቹ ግን በብዕር እንደተጻፉ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ ፊደሉ ወደ ቀኝ፣ ወደሚቀጥለው ፊደል ይገፋሃል። ኪንድል የተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ ለዓመታት በመደበኛነት ይዞት የኖረው ይህን ፎንት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኪንድሎች ስክሪናቸው በአንድ ኢንች 167 ፒክስል ብቻ ነበር፤ ፊደሉ ግራጫ፣ መደቡም ግራጫ። ቀጭን ሰሪፍ ያለው የመጽሐፍ ፊደል እዚያ ላይ ይበጣጠሳል። ካሲሊያ ግን ይቆማል። ያው ጋሼ ስለ ሻካራ ወረቀት ያሉት ነገር ነው፤ ዘመኑ ተቀይሮ ወረቀቱ ስክሪን ሆነ እንጂ።


ሰያፍ ጻፈ፦

ነቁጥ፣ ክላረንደንን እንደዚህ ስታወድሺው ደስ ይላል፤ ግን ሌላውንም ወገን እንይ። እኔ ለመመሪያ መጽሐፍ ስላብ አልመርጥም። ምክንያቴ የገጹ ጥቁረት ነው። ዓይንን ጨፈን አድርገን አንድ ገጽ ስናይ ጽሑፉ እንደ አንድ ግራጫ ጨርቅ ነው የሚታየው። ስላብ ያንን ጨርቅ ያጠቁረዋል። አስጠንቅቄ የምጽፈው ነገር ሲኖር ቦልድ ባደርገው እንኳ ከዙሪያው ጎልቶ አይወጣም፤ ዙሪያው ቀድሞ ጠቁሯልና። ሰሪፍ የሌለው ፊደል ለንባቡ፣ ስላብ ለማስጠንቀቂያው ቢሆን አይሻልም?

ሌላው ቅሬታዬ ፊደሉ ይዞት የሚመጣው ትዝታ ነው። እግሩ ከግንዱ የሚበልጠው የክላረንደን ዝርያ፣ «ፍሬንች ክላረንደን» የሚሉት፣ የትም ብታስቀምጠው የአሜሪካ ከብት ጠባቂና «ይፈለጋል» የሚል ፖስተር ነው የሚያስታውሰው። ኩሪየርን ካስገባህ ደግሞ ገጹ የጽሕፈት መኪና ይሸታል። ለሽፋን ትዝታ ጥሩ ነው፤ ለ96 ገጽ ግን አንባቢ በትዝታው ውስጥ ሥራውን ይረሳል።


ነቁጥ ጻፈች፦

ሰያፍ ወንድሜ፣ ስለ ጥቁረቱ ያልከው ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን በእጅ ነው። የመስመር ክፍተቱን ጨምር፣ መደበኛውን ትተህ አንድ ደረጃ ቀለል ያለውን ውፍረት ውሰድ። ጨርቁ ይሳሳል።

በትዝታው ላይ ግን ኩሪየርን አትበድለው። ኩሪየር እግሩ የረዘመው ለጌጥ አይደለም። ሃዋርድ ኬትለር በ1950ዎቹ ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና ሲሠራው እያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት እንዲይዝ ግድ ነበር፤ ማሽኑ ለ«ኤም»ም ለ«አይ»ም የሚራመደው አንድ እርምጃ ነው። «አይ» ቀጭን ዘንግ ናት፤ እንዳለች ብትተዋት ግራና ቀኟ ባዶ ሜዳ ይሆናል፣ ቃሉም የተከፈለ ይመስላል። ረጅም እግር ሲበጅላት ያንን ሜዳ ትሞላዋለች። ስላብ እዚህ ቦታ የሚይዝ ሠራተኛ ነው። የፊልም ጽሑፍ እስከ ዛሬ በ12 ፖይንት ኩሪየር የሚጻፈውም ለዚህ እኩል እርምጃ ነው፤ አንድ ገጽ ፊልሙ ላይ ወደ አንድ ደቂቃ ይሆናል ተብሎ ስለሚገመት ርዝመቱን ከገጹ ቁጥር ማወቅ ይቻላል።

ኮምፒውተር ላይ ያለው «ኩሪየር ኒው» ሲታተም የሳሳው ደግሞ ከመኪናው የብረት ፊደል ላይ በቀጥታ ስለተቀዳ ነው። በመኪናው ዘመን ብረቱ ሪባኑን ሲመታ ቀለሙ ተዘርግቶ ፊደሉን ያወፍረው ነበር። ብረቱን ገልብጠው ቀለሙን ረሱት።


ብራና ጻፈ፦

ክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንድ ነገር አልተነሳም። የግዕዝ ፊደል በስላብ መሥራት ይቻላል ወይ? የላቲን ስላብ ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን የምታስቀምጡ ሰዎች ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችሁም የምታስቡትን ነው፦ የ«በ»ን ሁለት እግሮች ወስጄ ከታች ግራና ቀኝ የወጣ ወፍራም አግዳሚ አደረግሁላቸው። ለብቻዋ ሳያት አማረች። ቀጥዬ «ቢ»ን ስሠራ ግን ቆምኩ። «ቢ» ከ«በ» የምትለየው በቀኝ እግሯ ግርጌ ወደ ቀኝ በምትወጣዋ ጭረት ነው። እኔ ደግሞ ያችኑ ጭረት ለ«በ» በጌጥ ስም ሰጥቻታለሁ። «ለ» እና «ሊ»፣ «ሰ» እና «ሲ»፣ «ከ» እና «ኪ»፣ ሁሉም እንደዚያው። «ሰበረ» ብዬ ጽፌ ከሦስት እርምጃ ርቀት ሳየው «ሲቢረ» ሆነብኝ። ለላቲን ሰሪፍ ድምፅ የለውም፤ ቢኖርም ባይኖርም «አይ» ያው «አይ» ነው። በእኛ ፊደል ግን እግር ላይ የምትቀጠል ጭረት አናባቢ ናት።

ከዚያ እግሩን ተውኩትና ጋሼ ያሉትን እኩልነት ብቻ ወሰድኩ። በብዙ የግዕዝ ፎንት ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚውና ቀለበቱ ቀጭን ነው። እኔ የ«ሌ»ን ቀለበትና የ«ሉ»ን ጭረት ወደ ግንዱ ውፍረት አስጠጋኋቸው፤ የእግሮቹን ጫፍ ደግሞ በሰያፍ መቁረጡን ትቼ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ከሮክዌል ጎን ሳስቀምጠው ወንድማማች መሰሉ፤ አንዲት ሰሪፍ ሳልጨምር። የከበደኝ ቀለበቱ ነበር፤ ሲወፍር ውስጡ ይደፈናል። ቀለበቱን ትንሽ ማሳደግ፣ የ«ሌ»ንም ስፋት አብሮ መጨመር ግድ ሆነ።


እርሳስና ቀለም ጻፈ፦

ብራና፣ እጅህ ይባረክ። «ሰበረ» «ሲቢረ» ሆነብኝ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉን ከነአናባቢው የሚያውቅ ሰው ካልሠራው በቀር ይህ ስህተት አይታይም።


የገጽ ሰው ጻፈ፦

ተመልሻለሁ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያላችሁኝን ይዤ አንዱን ገጽ በአራት ፎንት አተምኩት፦ በሮክዌል፣ በክላረንደን፣ በሴሪፋ እና በካሲሊያ። ሁሉም 10 ፖይንት፣ የመስመር ክፍተቱ 14፣ ወረቀቱ ያው ወረቀት።

ክላረንደን ውብ ነው፤ ግን ሰፊ ስለሆነ አንድ ገጽ የነበረው ወደ ሁለተኛው ተርፎ ሄደ። ለ96 ገጽ አያዋጣኝም። ሴሪፋ አድሪያን ፍሩቲገር በ1967 ያወጣው ነው፤ አጽሙን ከራሱ ከዩኒቨርስ ፎንት ነው የወሰደው። ንጹሕ ነው፣ ከሮክዌል በጣም ይሻላል፤ ግን ገጹ ቀዝቀዝ አለብኝ። ካሲሊያን ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው። ያንኑ አንባቢ ጠራሁትና ምንም ሳልነግረው አራቱን ወረቀት ሰጠሁት። በሮክዌል እንደገና ጣቱን አሳረፈ። በካሲሊያ እጁ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ገጹን ጨረሰ። «የቱ ይሻላል?» ስለው ግን ልዩነታቸውን በቃል ሊነግረኝ አልቻለም፤ ቶሎ ያለቀለትን ወረቀት ብቻ ገፋ አደረገልኝ።

ሰያፍ፣ የአንተንም አልጣልኩም። አንባቢው እጁ ማሽን ላይ ሆኖ በጨረፍታ የሚያየው ነገር፣ ማለትም የማስጠንቀቂያው ሣጥን፣ በቦልድ ሮክዌል ሆኗል። ዙሪያው ቀለል ባለው የካሲሊያ ውፍረት ስለሆነ አሁን ጎልቶ ይወጣል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር የዕቃ መለያ ቁጥሮቹ ሠንጠረዥ ላይ ገጠመኝ። መለያዎቹ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀሉ ናቸው። ሰሪፍ በሌለው ፎንት ስሞክራቸው ትልቁ «አይ»፣ ትንሹ «ኤል» እና አኃዙ 1 ሦስቱም አንድ ዘንግ ሆኑ። በስላብ ግን «አይ» ላይም ታችም ሙሉ አግዳሚ አላት፤ «ኤል» ከላይ በግራ ብቻ ናት የምትወጣው፤ 1 ደግሞ ከላይ ባንዲራ፣ ከታች ወለል አለው። ሰው የተሳሳተ መለዋወጫ እንዳያዝ የሚያደርገው ይህ ነው። ለዚህ ሥራ ስላብን የማልለቅበት ትልቁ ምክንያቴ ይኸው ሆኗል። «ኦ» እና ዜሮ ብቻ አሁንም ይቀራረባሉ፤ ዜሮው ጠበብ ይላል እንጂ ለብቻው ሲቆም አያስታውቅም።


አዲስ ገቢ ጻፈ፦

ካሲሊያ የሚከፈልበት ነው አይደል? ልምምድ ላይ ላለን ሰዎች በነጻ የሚገኝ ምን አለ?


ነቁጥ ጻፈች፦

አለ፣ ጥሩ ጥሩ። «ዚላ ስላብ» በ2017 ለሞዚላ የተሠራ ነው፤ ለርዕስም ለአጭር ጽሑፍም ይሆናል። «ሮቦቶ ስላብ» በ2013 የወጣ ነው፤ አጽሙ ሰሪፍ ከሌለው ከሮቦቶ ፎንት ስለሆነ ስክሪን ላይ ሥርዓት አለው። ለረጅም ንባብ ግን እኔ «ቢተር»ን ነው የምወደው፤ ስክሪን ላይ እንዲነበብ ታስቦ የተሠራ ነው።

ስትለማመድ አንድ አንቀጽ በሦስቱም ጻፍና ፊደል በፊደል ሳይሆን ራቅ ብለህ እይ። ከዚያ ደግሞ «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን የሚመጡበት ቃል ፈልግ። በስላብ የ«አር» እግር የ«ኤን»ን እግር ከነካ ሁለቱ ተጣብቀው «ኤም» ይመስላሉ። ርዕስ ላይ ፊደል ለማጠጋጋት ስትፈልግ መጀመሪያ የምታየው ያንን ጥንድ ይሁን።


እርሳስና ቀለም ጻፈ፦

የገጽ ሰው፣ ወደ ማተሚያ ከመግባትህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ሽፋኑ ነጭ በጥቁር ላይ ነው ብለሃል። ጥቁሩ ቀለም ሲታተም ወደ ነጩ ይሰፋል፤ ፊደሉ ካሰብከው ይቀጥናል፣ በ«ኢ» እና በ«ኤ» ሆድ ውስጥ ያለው ጥቁርም ይወፍራል። ስላብ ከሌላው በተሻለ ይችለዋል፤ ቢሆንም በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ትንሽ ከፈት አድርገው። የሽፋኑን ናሙና በራሱ በሽፋኑ ወረቀት ላይ አሳትመህ እይ፤ በቢሮ ፕሪንተር ያየኸውን አትመን።


የገጽ ሰው ጻፈ፦

እሺ ጋሼ። ዛሬ ከሰዓት በሽፋኑ ወረቀት ሁለት ናሙና አሳትማለሁ፤ አንዱ ክፍተቱ እንዳለ፣ ሌላው ከፈት ብሎ። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከክፍሉ ማዶ አያቸዋለሁ፤ ፎቶውንም እዚሁ እለጥፋለሁ።